ስሎው ኩከር ላይ ያደረ የዶሮ መረቅ ጠዋት ሸተተኝ፤ ምን አጠፋሁ?

የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)፣ ሰኞ ጠዋት 3፡10

ሰላም ለቤቱ። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ የልጄ ልደት ነበር። ሦስት የፈረንጅ ዶሮ ኦቨን ውስጥ ጠብሼ ሥጋውን ለሳንዱችና ለሰላጣ ለቀምኩት። አጥንቱ ተረፈ። አንገቱ፣ ጀርባው፣ ክንፉ፣ ጥግ ጥግ ላይ የቀረችው ሥጋ ሁሉ። እናቴ በፌስታል ጠቅልላ ልትጥለው ስትል ቀማኋትና ፍሪጅ አስገባሁት። ዱባይ ያለችው እህቴ የላከችልኝ ባለ 6 ሊትር ስሎው ኩከር (በኤሌክትሪክ ቀስ እያለ የሚያበስል ባለ ሸክላ ድስት) አለኝ። ከመጣ ስድስት ወሩ ነው፤ እስካሁን ሽሮ እንኳ አልተሠራበትም።

እሁድ ማታ 2 ሰዓት ላይ አጥንቱን፣ አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት ካሮት፣ ትንሽ ዝንጅብልና ቁንዶ በርበሬ ጨምሬ የቧንቧ ውሃ ሞላሁበት። ሎው (ዝቅተኛው ሙቀት) ላይ አድርጌ "ጠዋት ሾርባ አለ" ብዬ ተኛሁ።

12 ሰዓት ላይ ተነስቼ ክዳኑን ስከፍተው ለብ ብሏል። አልሞቀም፣ አልቀዘቀዘም። ላዩ ላይ ትንንሽ አረፋ ይታያል። ሽታው ኮምጠጥ ያለ፣ ቦርሳ ውስጥ የተረሳ ምሳ ዕቃ ዓይነት። ቤት ውስጥ መብራት አለ፤ የማሽኑ ቀይ መብራት ግን ጠፍቷል።

እናቴ ምንም አላለችም። ፌስታሉን ብቻ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው የማሽኑ?

አቦ_ከዚራ (ድሬዳዋ)፣ ሰኞ ጠዋት 3፡22

አቦ እናትሽ ትመቸኛለች። ማሽኑ በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያለው ነው ወይስ የሚነካ፣ ቁጥር የሚያሳይ?

የሳቢያኗ፣ ሰኞ ጠዋት 3፡25

የሚነካ ነው። ሰዓት ይቆጥራል።

ሽቦ_ቀጣዩ (ድሬዳዋ)፣ ሰኞ ጠዋት 3፡48

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እስካሁን ካልደፋሽው ካሮቱን አውጪና በሹካ ውጊው። ምን ይላል?

የሳቢያኗ፣ ሰኞ ጠዋት 3፡56

ወይኔ! ጥሬ ነው! ሹካው ከነጭራሹ አልገባም።

ሽቦ_ቀጣዩ፣ ሰኞ ጠዋት 4፡15

በቃ ታወቀ። መረቅሽ በስሎ አልተበላሸም፤ ከመጀመሪያውም አልበሰለም።

ትናንት ማታ ሳቢያን 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ መብራት ሄዶ ነበር። እኔም እዚያው ነኝ። የመጣው ከእኩለ ሌሊት በፊት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። አንቺ ተኝተሻል። ስሎው ኩከር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ቢያንስ ሦስት አራት ሰዓት ይፈልጋል፤ ስሙም እንደዚያ ነው። ስለዚህ መብራቱ ሲሄድ ውሃው ገና ለብ ከማለት አላለፈም። ወፍራም ሸክላ ደግሞ ሙቀት ይይዛል። ሌሊቱን ሙሉ ለባክቴሪያ የሚመች አልጋ አነጠፍሽለት ማለት ነው።

ዲጂታል የሆኑት አብዛኞቹ መብራት ሲመለስ ራሳቸው አይነሱም፤ ጠፍተው ይቀራሉ። በእጅ የሚዞሩት ይነሳሉ። ግን እነሱን ይበልጥ የምፈራቸው እኔ ነኝ። መብራት ለአራት ሰዓት ያህል ሄዶ ቢመጣ ጠዋት ስትነሺ ትኩስ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ መሃል ላይ የሆነውን የሚነግርሽ የለም።

ለዚህ መላ አለው። በእጅ የሚዞር ያላችሁ ሰዎች፣ መብራት ሲቋረጥ ቁጥሩ ብልጭ ድርግም የሚል ርካሽ የኤሌክትሪክ ሰዓት እዚያው ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። ባትሪ አይኑረው። ጠዋት ብልጭ ድርግም እያለ ካገኛችሁት መብራት ሄዷል ማለት ነው። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አይነግራችሁም፤ ግን ከመጠጣታችሁ በፊት ታስባላችሁ።

ከአሜሪካ_የመጣ (ድሬዳዋ)፣ ሰኞ ጠዋት 4፡40

የአንቺው ቢያንስ ሠርቷል። የእኔው ከአሜሪካ ነው የመጣው። ሰካሁት፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቤቱን የፕላስቲክ ሽታ ሞላው። ሸክላው መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። ጎረቤት "ምን ተቃጠለ?" ብሎ መጣ። "ሾርባ" አልኩት።

ሽቦ_ቀጣዩ፣ ሰኞ ጠዋት 4፡52

የአሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ቮልቱ ወደ እጥፍ ሲጠጋ ኃይሉ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ይሄዳል። የ250 ዋት ማሽን ወደ 840 ዋት ስትነዳው ምን ይሁን? ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ እሱም ከማሽኑ ዋት ከፍ ያለ መሆን አለበት። የዱባዩ ግን ከእኛ ቮልት ጋር ይስማማል። ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ ማቀያየሪያ ብቻ ይበቃዋል። ማቀያየሪያውን ግን ደህናውን ግዙ፤ አሥር ሰዓት ሙሉ ተሰክቶ ስለሚቆይ የሚላላው ይግላል።

ቁጠባ_ነው (ድሬዳዋ)፣ ሰኞ ጠዋት 5፡05

የሳቢያኗ፣ ለምን ትደፊዋለሽ? ቡታጋዝ ላይ አርጊው፣ ግማሽ ሰዓት ተክተክ ይበል፣ ሎሚ ጨምሪበት። እሳት የማይገድለው ነገር የለም። እናቶቻችን እንደዚያ ነው ያሳደጉን።

ናሙና (ሐረር)፣ ሰኞ ቀን 6፡20

እባክሽ አትስሚው። ወንድሜ፣ በቅንነት እንደተናገርክ አውቃለሁ፤ ግን ይህ ምክር ሰው ሆስፒታል ያስገባል።

ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን አንዳንዶቹ ከመሞታቸው በፊት መርዝ ትተው ይሄዳሉ። ስታፊሎኮከስ የሚተወው መርዝ ግማሽ ሰዓት ብታፈላውም አይጠፋም። ምግቡ የበሰለ ይመስላል፣ ሽታውም በሎሚ ይሸፈናል፣ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ማስመለስ ይጀምራል። ልጅ ያለበት ቤት ነው ያለችው።

ደንቡ አጭር ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። የበሰለ ምግብ በዚያ መሃል ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ። አሁን ግንቦት ነው፤ ድሬ ከሰዓት በኋላ ስንት እንደሚደርስ ለእናንተ አልነግርም።

መብራት ሲሄድ ቤት ካለሽ ወዲያው ቡታጋዝ ወይም ከሰል ላይ አዛውረሽ ጨርሺው። ከቤት ወጥተሽ ከነበረና መቼ እንደሄደ ካላወቅሽ፣ በስሎ ቢታይሽም ድፊው።

ቁጠባ_ነው፣ ሰኞ ቀን 6፡31

እሺ ተቀብያለሁ። ሎሚውን ግን አልተውም።

ጡረተኛው_ወጥ_ቤት (ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ)፣ ሰኞ ከሰዓት 9፡30

ልጄ፣ ስለተደፋው አትዘኚ። እኔ ሆቴል ቤት 22 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን አንድ ሙሉ ትልቅ ብረት ድስት መረቅ እንደ ትኩስነቱ ክዳን ገጥመን ወጥ ቤት ጥግ አሳድረን፣ ጠዋት እንዳለ ደፍተነዋል። ያኔ የተቆጡኝን እስካሁን እሰማዋለሁ። ያስተማሩኝ ሼፍ መረቅን "ቡዮን" ነበር የሚሉት፤ "ቡዮን የሚበላሸው ሲሠራ ሳይሆን ሲቀመጥ ነው" ይሉ ነበር።

አሁን አሠራሩን ልንገርሽ፤ ሰው ሁሉ ስለ መብራት አወራ፣ ስለ መረቁ የተናገረ የለም።

አጥንቱ። ከሁለት ሦስት ዶሮ የሚተርፈው 1 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ለባለ 6 ሊትሩ ይበቃል። ካልሞላልሽ ፍሪዘር ውስጥ አጠራቅሚ። ከሰው ሳህን የተነሳ፣ የተጋጠ አጥንት ግን አይሆንም። ፈልቶ ይጸዳል የሚል አይጠፋም፤ ነውር ነው፣ አለቀ። ማዕድ ሳይቀርብ አጥንቱን ለይተሽ አስቀሪ። ኦቨን የገባ አጥንት ቀለሙ ወርቃማ ይሆናል፣ ጣዕሙም ይጠልቃል። ቅመም የተቀባውን ቆዳ አንሺው፤ ጨውና ቅባት ብቻ ነው የሚጨምርብሽ። ከዶሮ ወጥ የተረፈ አጥንት አይመከርም። በርበሬው አይለቅም፣ መረቁ ቀይ ሆኖ ለሌላ ነገር አይሆንሽም።

እግሩ። እዚህ ላይ ጆሮሽን ስጪኝ። ቀፊራ ገበያ ዶሮ ስታሳርጂ እግሩን ቆርጠው ይጥሉታል፤ አምጡ በያቸው። ቤት ወስደሽ የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ንከሪው። ያ ቢጫ ቅርፊት እንደ ካልሲ ይወልቃል። ጥፍሩን ከመጨረሻው መገጣጠሚያ ላይ ቁረጪ፣ በጨው አሽተሽ እጠቢ። አራት እግር ከጨመርሽ መረቁ ሲቀዘቅዝ ቀጥ ብሎ ይረጋል። ቆዳና ጅማት፣ መገጣጠሚያ ላይ ያለው ነጭ ነገር ኮላጅን ይባላል፤ በዝግታ ሲበስል ወደ ጄላቲን ይለወጣል። አፍ ላይ ከበድ፣ ለስለስ የሚለው መረቅ ከዚያ ነው የሚመጣው። የፈረንጅ ዶሮ በስድስት ሰባት ሳምንቷ ስለምትታረድ አጥንቷ ለጋ ነው። የሀበሻ ዶሮ፣ በተለይ እንቁላል መጣል ያቆመች፣ ለወጥ ብታስቸግርም ለመረቅ እናት ናት።

ውሃው። አጥንቱን ከሸፈነ በኋላ ሁለት ጣት ብቻ ከፍ ይበል፤ ከ2 ሊትር ተኩል እስከ 3 ሊትር። አንቺ እስከ አፉ ነው የሞላሽው። ስሎው ኩከር እንፋሎት አያወጣም፣ የጨመርሽው ውሃ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ድስት ላይ ቢሆን ተንኖ ይወፍራል፤ እዚህ ግን ቀጭን ከጀመርሽ ቀጭን ትጨርሻለሽ።

አሁን ደግሞ ለድሬ የሚሆነው ዋናው ነገር፦ ቀዝቃዛ አድርገሽ አትጀምሪ። አጥንቱን ድስት ላይ አፍይው፣ አረፋውን ግፈፊ፣ ከነፍላቱ ወደ ሸክላው ገልብጪው። ሸክላው ቀዝቃዛ ከሆነ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ አሙቂው፣ እንዳይሰነጠቅ። እንደዚህ ካደረግሽ ማሽኑ ሥራው ማፍላት ሳይሆን ማቆየት ብቻ ይሆናል። ከፍሪዘር የወጣ ድርቅ ያለ አጥንትም ቀጥታ እንዳትከቺ።

አንድ ሰዓት ሃይ (ከፍተኛው ሙቀት) ላይ፣ ከዚያ ሎው ላይ ከ8 እስከ 10 ሰዓት። ክዳኑን አትክፈቺ። አንድ ጊዜ በከፈትሽ ቁጥር ሙቀቱን ለመመለስ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይፈጅበታል። ማሽተት ካማረሽ ከውጭ አሽትቺ።

አትክልቱ ካሮት፣ ሰለሪ፣ ባሮ ሽንኩርት ካገኘሽ እሱ። የቀይ ሽንኩርቱን ውጫዊ ልጣጭ አጥበሽ ጨምሪው፤ ቀለም ይሰጣል። ጥቅል ጎመን ሰዓት ሲበዛበት ይመራል፣ ይሸታል፤ አይሁን። ጨው በፍጹም። ጨው የምትጨምሪው ሾርባውን ወይም ሩዙን ስትሠሪ ነው፤ አሁን ከጨመርሽ በኋላ ስታመነምኚው ባሕር ይሆናል።

አቼቶ አንድ ማንኪያ የሚጨምሩ አሉ፣ ካልሲየም ያወጣል እያሉ። እኔ ለጣዕሙ እጨምራለሁ፤ ለካልሲየሙ ወተት ጠጪ።

የሳቢያኗ፣ ሰኞ ከሰዓት 9፡58

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! እግሩን እናቴ ፊት እንዴት እንደማጥበው ብቻ ነው ያሰጋኝ።

አንድ ጥያቄ። ሸክላው ውስጥ ውሃው የደረሰበት ቦታ ዙሪያውን ነጭ መስመር ቀርቷል፤ ስፈገፍገው አይለቅም። ከመረቁ ነው?

ጡረተኛው_ወጥ_ቤት፣ ሰኞ ከሰዓት 10፡10

ከድሬ ውሃ ነው ልጄ። የሻይ ማንቆርቆሪያሽን ውስጡን እዪው፣ ያው ነው። ትንሽ አቼቶና ሙቅ ውሃ አድርገሽ ግማሽ ሰዓት ተዪው፤ ይለቃል።

ከሰል_ይሻላል (ድሬዳዋ)፣ ሰኞ ማታ 1፡15

እኔ ግን አልገባኝም። ይሄ ሁሉ ሰዓት፣ ትራንስፎርመር፣ ጭንቀት ለምንድን ነው? ከሰል አለ። ድስት ጥደህ አመዱን ከላይ አልብሰህ ትተዋለህ። አያቴ የቅቅል አጥንት እንደዚያ ስታሳድር ነው የኖረችው። መብራት አትጠይቅም።

የሳቢያኗ፣ ሰኞ ማታ 1፡27

ወንድሜ፣ በግንቦት ሳቢያን ቤቴ ውስጥ አሥር ሰዓት ከሰል ላቀጣጥል? ማራገቢያው ራሱ ትኩስ አየር ነው የሚተፋው። እኔ ማሽኑን የወደድኩት ቤቱን ስለማያሞቀው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሽቦ_ቀጣዩ፣ ሰኞ ማታ 1፡40

በወጪም አትጎዳም። ሎው ላይ 200 ዋት ቢበላ በ10 ሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 2000 ዋቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው ማለት ነው።

ከሰል ለሚያሳድሩ ደግሞ፦ ውጭ፣ በረንዳ ላይ ይሁን። በር ዘግቶ ከሰል አጠገቡ አድርጎ የተኛ ሰው ጭሱን ሳያይ ነው የሚሄደው።

ሸዋ_በር (ሐረር)፣ ማክሰኞ ጠዋት 2፡45

ከደንገጎ ዳገት በላይ ያለነውንም አትርሱን። የጋሼን ሰዓት ተከትዬ ባለፈው ዓመት ሞክሬ ነበር፤ 8 ሰዓት አልበቃኝም። ኋላ ነው የገባኝ። እናንተ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ፤ እኛ ወደ 1,900 እንጠጋለን። ድሬ ውሃ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሐረር 94። ማሽኑ ቢጨነቅ ከዚያ አያልፍም። እኔ አሁን 12 ሰዓት ነው የምተወው። መለያዬ ይህ ነው፦ የመላላጫውን አጥንት ጫፍ በሁለት ጣት ስጫነው እንደ ብስኩት ከተፈረፈረ ደርሷል።

የተፈረፈረውን አጥንት ለውሻና ለድመት እንዳትሰጡ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል፣ አንጀት ይወጋል። እኛ ጋ ማታ ከጀጎል ውጭ የሚጠብቁ ደንበኞች አሉን፤ እነሱ አይመርጡም።

አቦ_ከዚራ፣ ማክሰኞ ጠዋት 2፡51

ጅቡ እንኳ "አጥንቱ ተቀቅሎ ጣዕሙ አለቀ" ብሎ እንዳይከሳችሁ።

ገንደ_ቆሬ (ድሬዳዋ)፣ ማክሰኞ ጠዋት 4፡00

እኔ ስለ ፍሪዘሩ ላውራ። ቤታችን ቅልቅል ነው። ባለቤቴ ሙስሊም ነው፣ የእኔ ወገን ክርስቲያን። ዶሮው ወጥ ሲሆን የማን ቢላ እንዳረደው ሁሉም ያውቃል። መረቅ ሆኖ ላስቲክ ውስጥ ሲረጋ ግን ሁሉም አንድ ነው፤ ቢጫ ነገር። አንድ ረመዳን ለአማቴ የአጃ ሾርባ ልሠራ ፍሪዘር ከፍቼ አራት ዕቃ አወጣሁ። የቱ የማን እንደሆነ አላውቅም። አራቱንም መለስኳቸው፣ ሾርባው በውሃ ተሠራ። አማቴ "ዘንድሮ ቀጠነ" አሉ። ምን ልበላቸው?

አሁን ፕላስተር ለጥፌ በስክሪፕቶ እጽፋለሁ፣ ቀኑንም ጭምር። ለጎረቤት የምትልኩም ሳትጠየቁ ንገሩ። ሰው አፍሮ ላይጠይቅ ይችላል።

የሳቢያኗ፣ ማክሰኞ ጠዋት 4፡12

ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ጭራሽ አላሰብኩትም። ለእትዬ ጎረቤቴ ልልክ ነበር እኮ።

በእኛም በኩል ጾሙ አለ። አሁን ሃምሳው ስላልወጣ ረቡዕና ዓርብም እንጠጣለን፤ ከዚያ በኋላ ግን ፍሪዘር ካልሆነ አይደርስም። ስንት ጊዜ ይቆያል? ደግሞስ አስፈልቼ እንዴት ነው የማቀዘቅዘው? ትኩሱን ፍሪጅ ልክተተው?

ናሙና፣ ማክሰኞ ቀን 7፡05

ትኩሱን ትልቅ ድስት ቀጥታ ፍሪጅ አታስገቢ። ለፍሪጁ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ላለው ወተትና ሥጋም አይሆንም፤ ያሞቃቸዋል። መሃሉ እስኪቀዘቅዝ ደግሞ ሌሊቱ ይነጋል። "ውጭ ይብረድ" ብለሽም አትተዪው። ድሬ ላይ የሚበርድ ነገር የለም።

እንዲህ አድርጊ። ከአንድ ቀን በፊት ሦስት አራት ሃይላንድ ውሃ ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪያቸው፤ እስከ አንገቱ ብቻ ሙዪ፣ በረዶ ሲሆን ያብጣል። መረቁን በወንፊት አጥልለሽ ሰፊ ብረት ድስት ውስጥ አድርጊው። ሸክላው ውስጥ አትተዪው፤ እሱ ሙቀት አይለቅም። ድስቱን ሳፋ ውስጥ አስቀምጪ፣ ዙሪያውን ቀዝቃዛ ውሃ ሙዪ፣ የበረደውን ሃይላንድ በጎንና በጎኑ ክተቺ። በየአምስት ደቂቃው አማስዪው። ሦስት ሊትር መረቅ ከሠላሳ እስከ አርባ ደቂቃ ውስጥ እጅ የሚያስገባ ይሆናል። ያኔ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለሽ ፍሪጅ።

ፍሪጅ ውስጥ ሦስት አራት ቀን። ፍሪዘር ውስጥ ሦስት ወር ድረስ ጣዕሙ ደህና ነው። ስታወጪው ቡልቅ ቡልቅ እስኪል አፍይው።

መብራት ለሚሄድባቸው አንድ የቆየ ብልሃት፦ አንድ ኩባያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አርጉና ከረጋ በኋላ የብር ሳንቲም ላዩ ላይ አስቀምጡ። ከቤት ቆይታችሁ ስትመለሱ ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ካገኛችሁት፣ ፍሪዘሩ ቀልጦ እንደገና ረግቷል። ያኔ መረቁን እርሱት።

የቁሌት_ልጅ (ድሬዳዋ)፣ ማክሰኞ ማታ 2፡00

ማንም ያልጠየቀውን ልናገር፦ የዶሮ ወጥ ቁሌት ስታቁላሉ በውሃ ፈንታ ይሄን መረቅ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ለፋሲካ ሞከርኩት። ሰው ሳህን ላሰ።

እማማ_ያሉት (ሐረር)፣ ማክሰኞ ማታ 2፡09

ዶሮዋ ራሷ መረቅ ስታወጣ ሌላ መረቅ ምን ይሠራል? ሽንኩርቱን በደንብ ካላቁላላሽ እኮ ነው ማሳመሪያ የሚያስፈልገው።

የቁሌት_ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ 2፡11

እትዬ፣ ሽንኩርቴን ሦስት ሰዓት ነው ያቁላላሁት!

እማማ_ያሉት፣ ማክሰኞ ማታ 2፡14

አራት ይሁን።

ጡረተኛው_ወጥ_ቤት፣ ማክሰኞ ማታ 2፡30

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። የሀበሻ ዶሮ ከሆነች አያስፈልግም። የፈረንጅ ከሆነች አንድ ሁለት ጭልፋ አይጎዳም። እኔ ግን መረቅ ሲኖረኝ ሩዝ ነው የምሠራበት፤ ሩዙ ላይ ነው ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው። ወይም የደረቀ እንጀራ ቆርሼ ትኩሱን አፈስበታለሁ፣ ቃሪያ ከላይ። ከዚያ እተኛለሁ።

የሳቢያኗ፣ እሁድ ማታ 3፡20

ተመልሻለሁ።

በዚህ ሳምንት ሁለት ዶሮ ሠርቼ አጥንቱን አቆየሁ፤ ዓርብ ቀፊራ ሄጄ ስድስት እግር ለመንኩ። ሻጩ "ለመድኃኒት ነው?" አለኝ። ካልሲው ወለቀ ጋሼ፣ እንዳሉት! ልጄ እየጮኸች ከወጥ ቤት ሮጠች።

ማታ ማሠራቱን ተውኩት። ትናንት ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አፍልቼ ገለበጥኩት፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ዋልኩ። 7 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ዘልዬ ተነሳሁ፣ መረቁን ወደ ድስት ገልብጬ ቡታጋዝ ላይ አደረግኩ፣ ገና ሳይፈላ መብራት መጣ። አሥር ደቂቃ አይሞላም። መለስኩት፣ ሎው የሚለውን ነካሁ። 11 ሰዓት ላይ አጠለልኩት። የማጥለያዬ ቀዳዳ ሰፋፊ ስለሆነ ከሥሩ የድሮ ነጠላ ቁራጭ አጥቤ ዘረጋሁ። ቀለሙ እንደ ቀጭን ማር። በሳፋና በሃይላንድ 35 ደቂቃ ፈጀብኝ። ዘጠኝ ዕቃ ሞላ፤ ፕላስተር ለጥፌ፣ ቀን ጽፌ፣ የማን ዶሮ እንደሆነ ጽፌ አምስቱን ፍሪዘር፣ አራቱን ፍሪጅ።

ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እናቴ እቃ ማጠቢያው ላይ ቆማለች። አንዱ ባዶ ነው። ሁለተኛውን ገልብጣ ቂጡን እየመታች ነው፤ አልወርድ ብሏታል።

"ይሄም ተበላሽቶብሻል፣ ረግቷል" አለችኝ። "እዪው፣ ይንቀጠቀጣል።"

እኔ ሳቄን ልቻል ወይስ እንባዬን! እንደ ማርማላታ ነው የረጋው። ላዩ ላይ ጣት የማይሞላ ቢጫ ስብ፣ ከሥሩ ጥርት ያለ። ከእጇ ተቀብዬ አንድ ማንኪያ መጥበሻ ላይ አቀለጥኩላትና ጨው ነስንሼ ሰጠኋት። ጠጣችው። ዝም አለች። ከዚያ ሄዳ የመጀመሪያውን ዕቃ ጎኑን በማንኪያ መቧጨር ጀመረች።

አቦ_ከዚራ፣ እሁድ ማታ 3፡26

አቦ እናትሽ!!!

ጡረተኛው_ወጥ_ቤት፣ እሁድ ማታ 3፡41

ደግ አደረግሽ ልጄ። ስቡን አትጣይው፤ ሽንኩርት ጥበሽበት። የተደፋው ግን ሳይረሳሽ፣ አሁኑኑ አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ልቀቂበት። ስቡ ቱቦው ውስጥ ይረጋል፣ ነገ ቧንቧ ሠሪ ትፈልጊያለሽ።

የሳቢያኗ፣ እሁድ ማታ 3፡55

ዘገዩ ጋሼ። አሁን ውሃው አልሄድ ብሎ ቆሟል። ሽቦ ቀጣዩ፣ ቧንቧም ታውቃለህ?